ውለታ የማይመልስ ዳኛ

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቈጨኛለች» የሚለውን ተረት ሳይሰማ ያደገ የአገራችን ሰው ያለ አይመስለኝም። በቅሎ በዚያ ዘመን ለጌታ ሰው የሚገባ ሀብት ነበረች፤ ጭብጦ ግን በእጅ ተጨብጦ የሚጋገር የመንገደኛ ስንቅ ነው። ይህን የተናገረው ባላገር ምናልባት ፊደል ያልቈጠረ ይሆናል፤ ነገር ግን ዛሬ በታላላቅ አዳራሾች ስለ ፍትሕ ከሚነገረው ብዙ ቃል ይልቅ እርሱ ነገሩን ከሥሩ ይዞታል። በቅሎውን የፈረደበት ዳኛ ምንም ቢጐዳው ሁለቱን ወገን በእኩል ሰምቶ የፈረደ ስለ ሆነ ቂም አልያዘበትም። ጭብጦውን የወሰደበት ግን ጕልበቱን ተማምኖ ነው። ሰው የሚንገበገበው በዕቃው ዋጋ ሳይሆን በአወሳሰዱ ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ እኔ በዚህ ጽሑፍ የምጠይቀው ስለ በቅሎዋ አይደለም። በቅሎዬን የሚፈርድብኝን ሰው በዚያ ወንበር ላይ ማን አስቀመጠው? ያስቀመጠውስ ሰው ከእኔ ጋር የተከራከረ ዕለት ዳኛው ምን ያደርጋል? ብዬ ነው።

ስለ ፍርድ መጓደል በተነገረ ቍጥር የሁላችንም ዓይን የሚሮጠው ወደ ጉቦ ነው። ጉቦ ክፉ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ነገር ግን ጉቦ ገንዘብ ነው፤ ይቈጠራል፤ ሰጪና ተቀባይ አለው፤ አንዳንድ ጊዜም እጅ ከፍንጅ ይያዛል። ጉቦ የበላ ዳኛ ሌባ መሆኑን ራሱ ያውቃል፤ እንቅልፍ ባይነሣው ስንኳ ልጆቹ እንዳይሰሙበት ይሸሽገዋል። ከዚህ የከፋ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም ውለታ ነው። አንድ ፓርቲ አንዱን ወጣት መልምሎ ያሳድገዋል፤ ስሙን በዝርዝር ውስጥ ያስገባለታል፤ ቤት ያሰጠዋል፤ በመጨረሻም ዳኛ ያደርገዋል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ማንም «እንዲህ ብለህ ፍረድ» አላለውም፤ አያስፈልግምና ወደ ፊትም የሚለው የለም። የሾመው ወገን ተከራካሪ ሆኖ ፊቱ የቆመ ዕለት ያ ወጣት በልቡ የሚሰማው ነገር እንደ ጉቦ የሚያሳፍር አይደለም፤ እንዲያውም መልካም ምግባር መስሎ ይታየዋል። «የበላሁበትን ወጪት እንዴት እሰብራለሁ?» ይላል።

በእኛ ዘንድ ደግሞ ይህ ነገር እጅግ ሥር የሰደደ ነው። ውለታ ቢስ ከመባል የከፋ ስድብ የለንም። እኔም ከሠላሳ ዓመት በላይ ልጆችን ሳስተምር «ውለታ አትርሱ» እያልሁ ነው፤ ዛሬም ብጠየቅ ይህንኑ እላለሁ። ለእናት፣ ለጎረቤት፣ ለአስተማሪም (አስተማሪ ማለቴን አንባቢ በቅንነት ይቀበልልኝ) ውለታ መመለስ የሰውነት ምልክት ነው። በዳኝነት ወንበር ላይ ግን ይኸው መልካም ጠባይ መርዝ ይሆናል። ዳኛ ውለታ ቢስ ሊሆን ይገባዋል። ይህን በቍጣ የተናገርሁት አይምሰልህ፤ አስቤ ነው የጻፍሁት። ለሾመው ወገን ውለታ የማይመልስ፣ የበላበትን ወጪት ሳያወላውል የሚሰብር ሰው ካልተቀመጠበት በቀር ያ ወንበር የሹም ወንበር እንጂ የዳኛ ወንበር አይባልም።

ሹምና ዳኛ የሚሉትን ሁለት ቃላት መለየት ለእኛ ቀላል አልሆነልንም። ከጥንት ጀምሮ አገር የሚገዛው ሰው እርሱው ግብር ይሰበስብ፣ እርሱው ጦር ያዘምት፣ እርሱው ይፈርድ ነበር። ባላገሩ በገዥው ላይ አቤት ለማለት ቢፈልግ አቤት የሚለው ለዚያው ሰው ወይም ለዚያ ሰው አለቃ ነው። ከሁሉ በላይ የዙፋን ችሎት ነበረ፤ ከዚያ በላይ ያለው ሰማይ ብቻ ነው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የተባለውም ስለዚህ ነው። ይህን ስል አባቶቻችን ፍርድ አያውቁም ነበር ማለቴ አይደለም። «በሕግ አምላክ» ሲሉት የተነሣ በትሩን መልሶ የሚያወርድ ሕዝብ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው ወደ ዳኛ አብረው ሲሄዱ አንዱ ከአንዱ አያመልጥም ነበር። የጎደለን የፍርድ ፍቅር ሳይሆን ከሹም እጅ የወጣ ዳኛ ነው።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ይህን ለማቃናት ሞክሮ ነበር። ዳኞች በፍርድ ሥራቸው ነጻ እንደ ሆኑ፣ ከሕግም በቀር ለሌላ ሥልጣን እንደማይገዙ በአንድ አንቀጽ አወጀ። ደስ የሚል ቃል ነው። በሚቀጥለው አንቀጽ ግን ዳኞችን የሚሾም ንጉሠ ነገሥቱ መሆናቸውን ይነግረናል። አንደኛው አንቀጽ ነጻ ያወጣውን ሰው ሁለተኛው ባለ ዕዳ አደረገው ማለት ነው።

«እንግዲያስ ሁሉም ዳኛ በአንድ ሰው መሾሙ አይቀርም፤ መድኃኒት የለውም» የሚለኝ ቢኖር አንድ ታሪክ ላስታውሰው። ሐምሌ 17 ቀን 1966 ዓ.ም. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ኒክሰን በጽሕፈት ቤታቸው በቴፕ የተቀረጹትን ንግግሮች እንዲያስረክቡ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። በችሎቱ የተቀመጡት ዳኞች 8 ነበሩ፤ ከእነርሱም 3ቱን የሾሟቸው ኒክሰን ራሳቸው ናቸው። ፍርዱን የጻፉት ዋናው ዳኛ ዋረን በርገርም ከ3ቱ አንዱ ነበሩ። ዘጠነኛው ዳኛ፣ እርሳቸውም የኒክሰን ተሿሚ፣ ቀድሞ በዚያው መንግሥት የፍትሕ መሥሪያ ቤት ሠርተው ስለ ነበር ከነገሩ ራሳቸውን አገለሉ። ፕሬዚዳንቱ ቴፖቹን ሰጡ፤ ከፍርዱም በኋላ በ16ኛው ቀን ከሥልጣን ወረዱ። ኒክሰን በልባቸው የፈለጉትን ብለው ይጥሯቸው፤ በእኛ ቋንቋ ግን እነዚያ ዳኞች ውለታ ቢሶች ናቸው። እንዲህ ለመሆን ያስቻላቸውም ከሰው የተለየ ቅድስና አይመስለኝም። ወንበራቸው የዕድሜ ልክ ነበረ፤ ፕሬዚዳንቱ ሊሽራቸው ወይም ደመወዛቸውን ሊቀንስባቸው አይችልም። እንግሊዞችም ይህን ጥበብ ያገኙት ንጉሦቻቸው እየሾሙና እየሻሩ ብዙ ካስመረሯቸው በኋላ ነው፤ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1701 ባወጡት ሕግ ዳኛ ምግባሩ እስካልተበላሸ ድረስ በንጉሥ ፈቃድ ብቻ እንዳይሻር ወሰኑ። ይህን ስል የአሜሪካ አሿሿም ከፓርቲ ሽኩቻ የጸዳ ነው ማለቴ አይደለም፤ አይደለምና። የምለው፣ ሿሚው በሹመቱ ማግሥት እጁ ባዶ መሆን አለበት ነው።

በአሜሪካ ይህ ፍርድ ከተሰጠ 4 ወር ያህል ቈይቶ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በእኛ አገር 60 ሰዎች ያለ ፍርድ ተገደሉ። ከመካከላቸው ሁለቱ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩ ናቸው። ያን ጊዜ እኔ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ልጅ ነበርሁ። ወሬው በራዲዮ በተሰማ ጧት ከአስተማሪዎቻችን አንዱ ቀስ ብሎ «ምነው ፍርድ ቤት ቢያቀርቧቸው?» ሲል ሌላው «የትኛው ፍርድ ቤት?» ብሎ መለሰለት፤ ሁለቱም ዝም አሉ። ሰዎቹ ጥፋት ነበረባቸው ወይስ አልነበረባቸውም የሚለውን የመረመረ ዳኛ ስለ ሌለ፣ ግማሽ ምእት ዓመት አልፎም ገና እንከራከርበታለን። ጭብጦይቱ ይህች ናት።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በወረቀት ሲነበብ ከቀደሙት የተሻለ ነው። ዳኛ የጡረታ ዕድሜው ሳይደርስ በዘፈቀደ ከሥራው እንዳይነሣ ይከለክላል፤ የዳኝነቱ አካል ነጻ መሆኑንም ይናገራል። ነገር ግን ክሩን ይዘህ ብትከተለው መጨረሻው አንድ እጅ ላይ ያደርስሃል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ፕሬዚዳንትና ምክትሉን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አቅርቦ የሚያሾመው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። ፕሬዚዳንቱ በተራው የፌዴራል ዳኞች አስተዳደር ጉባኤን ይመራል። ጉባኤው የሌሎቹን ዳኞች ዕጩነት ይመርጣል፤ ዕጩዎቹም ወደ ምክር ቤቱ የሚደርሱት በጠቅላይ ሚኒስትሩ በኩል ነው። ምክር ቤቱስ? ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚመራው ፓርቲ አብላጫውን ወንበር የያዘበት ነው። ስለ ሕገ መንግሥቱ ትርጓሜ ክርክር የተነሣ እንደ ሆነ ደግሞ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው የዳኞች ችሎት ሳይሆን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ምርጫው ሲተላለፍ፣ ዘመኑ የሚያልቀው መንግሥት እስከ መቼ ይቈይ የሚለውን ጥያቄ የወሰነው ይኸው ምክር ቤት ነበር፤ እርሱም በገዥው ወገን ሰዎች የተሞላ ነበር። ውሳኔው ትክክል ይሁን አይሁን እዚህ አልከራከርም። በቅሎዋን የያዘው ሰው ስለ በቅሎዋ መፍረዱን ግን ማየት ይገባል።

ወረቀትና ሥራ እንዴት እንደሚለያዩ በ1993 ዓ.ም. አይተናል። የመከላከያ ሚኒስትር የነበሩት አቶ ስዬ አብርሃ ከጓዶቻቸው ጋር ተለያይተው በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። ነገራቸውን ያየችው ወጣቷ ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ እንዲለቀቁ አዘዘች። ትእዛዙ ተነበበ፤ ሰውየው ከፍርድ ቤት ሲወጡ ግን ፖሊስ መልሶ ያዛቸው። በዚያው ሰሞን በሙስና ለተጠረጠረ ሰው ዋስትና የሚከለክል ሕግ በምክር ቤት ጸደቀ፤ ሰውየውም 6 ዓመት ያህል በእስር ቈዩ። የእርሳቸው ወዳጅ መሆን ወይም ጠላት መሆን አያስፈልግም፤ ነገሩ የእርሳቸው አይደለምና። የዳኛ ትእዛዝ ዋጋው የሚታወቀው በችሎት ሲነበብ ሳይሆን የፖሊሱ እጅ ሲለቅ ነው። ከዚያም ወዲህ ዋስትና የተፈቀደላቸው ሰዎች ሳይለቀቁ እንደሚቈዩ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ራሱ ደጋግሞ አሳስቧል። እውነቱን ለመናገር ሌላም መልክ አይተናል፤ በ2013 ዓ.ም. የሰበር ሰሚው ችሎት በእስር ቤት ያሉ የባልደራስ ፓርቲ ዕጩዎች ለምርጫ እንዲመዘገቡ ፈረደ፤ የምርጫ ቦርዱም መጀመሪያ ቢያመነታ ኋላ ፈጸመው። የቦርዱ ሰብሳቢ በዚያን ጊዜ ያችው የ1993ቷ ዳኛ ነበረች። ይህ እንደ ድንቅ ነገር መወራቱ ግን ራሱ በሽታችንን ይናገራል። በደኅና አገር የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲፈጸም ወሬ አይሆንም።

የሚሲዮን ልጅ ነኝና የናቡቴን ታሪክ ሳላነሣ አላልፍም። ንጉሡ አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ ተመኘ፤ ናቡቴ ግን የአባቶቹን ርስት አልሰጥም አለ። ኤልዛቤል ሠራዊት አላዘመተችም፤ በንጉሡ ስም ደብዳቤ ጽፋ፣ በማኅተሙ አትማ፣ ለዚያ ከተማ ሽማግሌዎች ላከችላቸው። ሸንጎ ተቀመጠ፤ ሁለት ምስክር ቀረበ፤ ሥርዓቱ አንድ ሳይጎድል ተፈጸመ፤ ናቡቴም ተወገረ። ልብ በል፤ በዚያ ታሪክ ውስጥ ፍርድ ቤቱ አልተዘጋም። ናቡቴን የገደለው የተከፈተው ፍርድ ቤት ነው። በዛሬ ዘመን በደብዳቤ ፈንታ ስልክ አለ፤ ስልክ ማኅተም ስለ ሌለው ከኤልዛቤል ይልቅ ብልህ ነው። ውለታ ወዳለበት ዳኛ ግን ስልክ መደወልም አያሻም።

ካስተማርኋቸው ልጆች አንዱ ሕግ ተምሮ በአንድ ወረዳ ዳኛ ሆነ። ስሙንም ወረዳውንም አልጠራም። ፍርድ ቤቱ ከአስተዳደሩ ጽሕፈት ቤት ጋር በአንድ ግቢ ነው፤ የሚቀመጥበት ወንበርና የሚጽፍበት ወረቀት ሳይቀር ከዚያው ከአስተዳደሩ ተለምኖ የሚመጣ ነበር። ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት አስተዳደሩ ይዞታዋን ለሌላ ሰው ሰጥቶባት ከሰሰች። ልጁ ሰነዱን መርምሮ ለእርስዋ ፈረደላት። በሦስተኛው ወር ወደ ሩቅ ቦታ ተዛወረ፤ በደብዳቤው የተጻፈው ምክንያት «ለሥራው አስፈላጊነት» የሚል ነው። ሊሰናበተኝ በመጣ ጊዜ ቡና አፍልተን ስንጨዋወት «ጋሼ፥ መዛወሬስ ምንም አይደለም፤ ከእኔ ቀጥሎ የሚመጣው ልጅ ያቺን መዝገብ ሲከፍት የእኔን መዛወር አብሮ እንደሚያነበው ነው የሚከነክነኝ» አለኝ። እኔ ሠላሳ ዓመት አስተምሬ ትምህርት ምን ያህል በዝግታ እንደሚገባ አውቃለሁ፤ እንዲህ ያለው ትምህርት ግን በአንድ ቀን ይገባል። ለአንድ ዳኛ የተሰጠውን ሌሎቹ ሁሉ ይማሩታል። ሴትዮዋ አሁን በሰው ቤት እንጀራ እየጋገረች ልጆችዋን ታሳድጋለች።

የሚከራከሩኝ ሰዎች ሁለት ነገር ይሉኛል። አንደኛው «መንግሥት በሕዝብ ተመርጧል፤ ሕዝብ የመረጠው ወገን ዳኛ ቢሾም ምን ነውር አለው?» የሚል ነው። ነውሩ ይህ ነው፤ በአገራችን ከመንግሥት የበለጠ ባለ ጉዳይ የለም። መሬቱ በእርሱ እጅ ነው፤ ግብሩን እርሱ ያስከፍላል፤ ከሳሹ ዐቃቤ ሕግ የእርሱ ነው፤ እስር ቤቱም የእርሱ ነው። በገበያ ሚዛኑን የሚይዘው ሻጩ ብቻ ከሆነ፣ ሻጩ ምንም ደግ ሰው ቢሆን ገዢው አያምነውም። በሕዝብ መመረጥም ለዚህ ፈውስ አይሆንም። የአሜሪካው ሩዝቬልት በአውሮፓ አቈጣጠር በ1936 በታላቅ ድምፅ ተመርጠው በማግሥቱ በ1937 ሕጎቻቸውን የሚያፈርሱባቸውን የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች ለመዋጥ እስከ 6 አዲስ ዳኞች የሚጨምሩበትን ሕግ አቀረቡ። ያን ዐሳብ የጣለባቸው ተቃዋሚያቸው ብቻ አልነበረም፤ የራሳቸው ፓርቲ አብላጫ የያዘበት ሴኔት ነው። ዛሬ ለእኛ ሰው የምንጨምረው ወንበር ነገ ለሌላው ሰው እንደሚጨመር ስለ ገባቸው ነው። ይህ ዐይነት ማስተዋል በእኛ ምክር ቤት አንድ ቀን እንዲታይ እመኛለሁ፤ እስካሁን እጅ ሲነሣ እንጂ ሲታጠፍ ብዙ አላየሁም።

ሁለተኛው ክርክር ከዚህ የጠነከረ ነው። «ዳኞቹን ያለ ተቈጣጣሪ ለቅቀህ ብትተዋቸው በጉቦ ሕዝቡን ይጨርሱታል» ይላሉ። ሕዝቡ በዳኞች ላይ የሚያሰማው እሮሮ ከንቱ አይደለም፤ ቀጠሮ እየተባለ ያረጀ ክርክርም፣ በደላላ የሚሸጥ ፍርድም እንዳለ በየመንደሩ ይወራል። ነገር ግን ይህን የሚሉት ሰዎች ሌባውን ዳኛ የሚያዩት በሌብነቱ አይደለም። ጉቦ የበላው ዳኛ መዝገቡ በሹሙ መሳቢያ ተቈልፎ ይቀመጥለታል፤ ታዛዥ እስከ ሆነ ድረስ መሳቢያው አይከፈትም፤ እምቢ ያለ ዕለት ይከፈታል። እንዲህ ያለው ቍጥጥር ሌባውን አያጠፋም፤ ባሪያ ያደርገዋል እንጂ። ዳኛ ያጠፋ እንደ ሆነ ክሱ በግልጽ ይነገረው፣ መልሱ ይሰማ፣ ከፓርቲ ውጭ የሆኑ የሙያ ሰዎች ይፍረዱበት፣ ጥፋቱ ከተረጋገጠም ይባረር። ለዚህ ማንም አያዝንለትም።

ምን ይደረግ ለሚለኝ፣ ሕግ ዐዋቂ ስላልሆንሁ አንቀጽ አልጽፍም፤ ተራ ሰው የሚያየውን ግን እናገራለሁ። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ፕሬዚዳንት ዕጩ አንድ ሰው ብቻውን አይጥራ፤ ጠበቆች፣ የሕግ መምህራንና ዳኞች ራሳቸው የሚመርጧቸው ሰዎች አብላጫ የሆኑበት ጉባኤ ያቅርበው። ትናንት የፓርቲ ወንበር ላይ የነበረ ሰው ዛሬ የዳኛ ካባ አይልበስ፤ ዳኛ የፓርቲ አባል እንዳይሆን መከልከሉ አባልነቱን በሹመቱ ዋዜማ በመተው ብቻ የሚፈጸም ከሆነ ቀልድ ነው። ዳኛ ያለ ፈቃዱ አይዛወር። የወረዳ ፍርድ ቤት ወንበርና ወረቀት ከአስተዳደሩ አይለመን። በዋስ ልቀቅ የተባለውን ሰው ያለቀቀ ፖሊስ ራሱ ችሎት ቀርቦ ይጠየቅ፤ ይህ አንዱ ብቻ ቢፈጸም ከብዙ አዋጅ ይሻላል።

ሹመቱም በጥድፊያ አይሁን። በጥር 2015 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትና ምክትላቸው ሲለቁ መልቀቃቸውን የተቀበለው ምክር ቤት በዚያው ስብሰባ የተተኪዎቹን ሹመት አጸደቀ። በለቀቁትም በተሾሙትም ሰዎች ላይ ክፉ ነገር የለኝም፤ የምነቅፈው ጥድፊያውን ነው። ለአንድ የትምህርት ቤት ዘበኛ ስንኳ ዋስ እስኪጠራ ሳምንት እንጠብቃለን። ለሚቀጥለው ሹመት የዕጩዎቹ ስም ከወር በፊት ይነገር፤ የሰጧቸው ፍርዶች ለሕዝብ ይታተሙ። ከዚያ በኋላ አንድ የምክር ቤት አባል ይነሣና የትምህርት ማስረጃውን ትቶ እንዲህ ብሎ ይጠይቀው፤ «በዳኝነት ዘመንህ ከፈረድህባቸው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሦስቱን ስም ጥራልን።» ሦስት ቢያጣ አንድ ይጥራ። አንድም ያጣ እንደ ሆነ ወደ መጣበት ችሎት ተመልሶ ጥቂት ዓመት ይፍረድና እንደገና ይምጣ።